ሁለት ጊዜ ዘውዱን ተነጥቆ ሁለት ጊዜ ያስመለሰው ሰው

የቼዝ ሰዎች ከሆናችሁ ሚኻይል ቦትቪኒክ ሲባል ወዲያው የሚመጣባችሁ ምስል አለ፤ ኮስታራ ፊት፣ ወፍራም መነፅር፣ የሶቪየት ቼዝ አባት፣ የካርፖቭና የካስፓሮቭ መምህር። የማታውቁት ደግሞ አትጨነቁ። ይሄን ጽሑፍ ለማንበብ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ማወቅ አያስፈልግም። እኔንም መጀመሪያ የሳበኝ የሰውየው አጨዋወት ሳይሆን ቁጥሩ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ምን ታደርጉታላችሁ!

ቦትቪኒክ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1963 ባሉት ዓመታት፣ መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ለአንድ አንድ ዓመት ከመነጠቁ በስተቀር፣ የዓለም ሻምፒዮን ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሲደመር 13 ዓመት ገደማ ነው። ውጤቱን በሰንጠረዥ አስቀምጡትና እዩት። በነገራችን ላይ ሰንጠረዥ የምንለው ቃል ራሱ የድሮው የኛ ቼዝ ስም ነው፤ መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው። ዛሬ ኤክሴል ላይ ቀረ። ወደ ነገራችን ስንመለስ፣ ሰውየው ሻምፒዮን ሆኖ ዘውዱን ለመከላከል አምስት ጊዜ ተቀምጧል። በ1951 አቻ። በ1954 አቻ። በ1957 ተሸነፈ። በ1960 ተሸነፈ። በ1963 ተሸነፈ። ከአምስቱ አንዱንም አላሸነፈም! ያሸነፋቸው ሁለት ግጥሚያዎች የ1958ቱና የ1961ዱ ናቸው፤ ሁለቱንም የተጫወተው ዘውዱ ሌላ ሰው ራስ ላይ እያለ ነው።

ታዲያ አንድም ጊዜ ተከላክሎ ያላሸነፈ ሰው እንዴት 13 ዓመት ነገሠ? ግማሹ መልስ ሕጉ ነው። ግጥሚያው አቻ ካለቀ ሻምፒዮኑ ዘውዱን ይዞ ይቀጥል ነበር፤ ከተሸነፈም በዓመቱ የመልስ ግጥሚያ የመጠየቅ መብት ነበረው። ግማሹ ደግሞ ሥራ ነው፤ ሰው እንዲህ መሥራት ይችላል ወይ የሚያስብል ሥራ። የትኛው ግማሽ ይበልጣል የሚለው ነው እኔን የሚያሟግተኝ። ለኔ ትውልድ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። ጥሩ ሥራ የያዘ ጓደኛችንን ባየን ቁጥር ሠርቶ ነው ወይስ ሰው ኖሮት ነው እያልን ማኪያቶ ላይ የምንከራከር ሰዎች ነን።

የተወለደው ኦገስት 17 ቀን 1911 ኩኦካላ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው። መንደሯ ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው ፊንላንድ ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ ሬፒኖ ተብላ ከሴንት ፒተርስበርግ ጋር ተጠቃላለች። ቤተሰቡ አይሁዳውያን ናቸው። እናቱ የጥርስ ሐኪም፣ አባቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ። አባትየው ቤት ውስጥ ከሩሲያኛ ሌላ እንዲነገር አይፈልግም ነበር። በ1920 ቤተሰቡን ትቶ ሄደ፤ ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ቼዝ የለመደው በ12 ዓመቱ ነው። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ። ለቼዝ ዘግይቷል፤ ካፓብላንካን የመሰሉት በአራት ዓመታቸው ነው የጀመሩት። አስተማሪው የታላቅ ወንድሙ የትምህርት ቤት ጓደኛ ሲሆን የተማረበትም ጠጠር ቤት ውስጥ የተሠራ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ብቻ ቆጥራችሁ ወደ ኖቬምበር 1925 ኑ። የዓለም ሻምፒዮኑ ኩባዊው ኾሴ ራውል ካፓብላንካ ለውድድር ሞስኮ መጥቶ፣ በዕረፍት ቀኑ ሌኒንግራድ ወረደና ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ተጫወተ። ከሰሌዳዎቹ በአንዱ ፊት የ14 ዓመት፣ ቀጭን፣ ባለመነፅር ልጅ ተቀምጧል። ልጁ አሸነፈ። እርግጥ ካፓብላንካ ትኩረቱ በብዙ ሰሌዳ የተበተነ ሰው ነው፣ ግጥሚያው እኩል አይደለም። ቢሆንም ያን ቀን ሌኒንግራድ ውስጥ ስሙን ያልሰማ የቼዝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሌላ ልጅ ቢሆን ትምህርቱን ትቶ ቼዝ ውስጥ ይገባ ነበር። ይሄኛው ፖሊቴክኒክ ገብቶ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆነ። በ1931 የሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮን ሲሆን ገና 20 ዓመቱ ነው፤ በአጠቃላይ ያንን ማዕረግ ስድስት ጊዜ ወስዶታል። በጎን ግን የመመረቂያ ጥናቱን ይጽፋል፣ ላቦራቶሪ ይገባል፣ ስለ ጄኔሬተር ያስባል። በ1951 የምሕንድስና ዶክትሬቱን አገኘ። ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ሙያ ነበረው፤ ቼዝ ብቻ የሚጫወት ሰው ሆኖ የኖረበት ጊዜ የለም።

እዚህ ላይ መንግሥት የሚባለውን ማምጣት አለብኝ፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይሞላም። የሶቪየት መንግሥት ቼዝን የወደደው ለጨዋታነቱ ብቻ አልነበረም። ርካሽ ነው፣ ሠራተኛው ክበቡ ውስጥ ይጫወተዋል፣ ካሸነፉበት ደግሞ ሥርዓቱ ራሱ ያሸነፈ ይመስላል። ይሄን ፕሮጀክት የመራው ኒኮላይ ክሪሌንኮ ይባላል፤ በኋላ የፍትሕ ኮሚሳር የሆነ፣ በፖለቲካ ችሎቶች ዓቃቤ ሕግነቱ የሚፈራ ሰው። ቦትቪኒክ ለክሪሌንኮ ሰማይ የላከለት ልጅ ነበር። በ1933 ከቼኮዝሎቫኪያው ሳሎ ፍሎር ጋር አጋጠመው። ቦትቪኒክ ሞስኮ ላይ በሁለት ጨዋታ ተመርቶ፣ ሌኒንግራድ ላይ ደርሶበት 6 ለ 6 ወጣ። በ1935 ሞስኮ ላይ ከፍሎር ጋር አንደኝነትን ተጋራ፤ ላስከርና ካፓብላንካ ከኋላው ናቸው። በ1936 እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ላይ ከካፓብላንካ ጋር እኩል አንደኛ ወጣ። ከዚያ ድል በኋላ በስሙ ለስታሊን የምስጋና ቴሌግራም ተላከ፤ ጋዜጣ ላይም ወጣ። ቦትቪኒክ በኋላ ሲናገር ጽሑፉ ሞስኮ ተዘጋጅቶ እሱ እሺ ብቻ እንዳለ ገልጿል። ሁለት ዓመት አልፎ በ1938 ክሪሌንኮ ራሱ ታስሮ ተረሸነ። ቦትቪኒክ መጫወቱን ቀጠለ። በዚያ ዘመን መቀጠል ብቻውን ምን ያህል ስሌት እንደሚጠይቅ መገመት አያቅተንም።

ጦርነቱ ሲመጣ በ1941 ከበባው ከመዘጋቱ በፊት ከሌኒንግራድ ወጣ። ባለቤቱ ጋያኔ የባሌ ዳንሰኛ ነበረችና ከቲያትር ቤቱ ጋር ወደ ኡራል፣ ወደ ፔርም ከተማ ሄዱ። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ለውትድርና አልተፈለገም፤ በኤሌክትሪክ ሙያው ሠራ። ቼዝ ለመለማመድ ጊዜ ሲያጣ ለሞሎቶቭ ደብዳቤ ጻፈ። እስቲ አስቡት፣ አገር እየነደደ ለውጭ ጉዳይ ኮሚሳር ስለ ቼዝ ልምምድ ሰዓት መጻፍ። ተፈቀደለት፤ በሳምንት ሦስት ቀን።

የዓለም ሻምፒዮኑ አሌክሳንደር አሌኺን በ1946 ፖርቱጋል ውስጥ ዘውዱን እንደያዘ ሞተ። ባዶ ዙፋን ላይ ማን ይቀመጥ? በ1948 አምስት ሰዎች፣ ቦትቪኒክ፣ ስሚስሎቭ፣ ኬሬስ፣ አሜሪካዊው ሬሼቭስኪና ሆላንዳዊው ኦይቬ፣ መጀመሪያ ሄግ ቀጥሎ ሞስኮ ተጋጠሙ። ቦትቪኒክ ከ20 ጨዋታ 14 ነጥብ ሰብስቦ ሁለተኛውን በሦስት ነጥብ በልጦ ወጣ። ኢስቶኒያዊው ፖል ኬሬስ በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች በቦትቪኒክ ተሸንፎ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ አምስተኛውን አሸነፈ። አገሩ በሶቪየት የተዋጠ፣ በጦርነቱ ወቅት ጀርመኖች ባዘጋጁት ውድድር የተጫወተ ሰው ነውና ተጽዕኖ ተደርጎበት ነው የሚለው ክርክር እስካሁን አልሞተም። እኔ ከሦስት ነጥቡ ልዩነት ተነስቼ ቦትቪኒክ ያለ ማንም እርዳታ የሚያሸንፍ ይመስለኛል። ግን ሥርዓቱ እንዲህ ዓይነት ነው፤ ንጹሕ ድልህንም ያጠቁርብሃል።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ልቤ ያለው።

ከቦትቪኒክ በፊት ብዙ ታላላቆች ቼዝን እንደ ስጦታ ነበር የሚያዩት። ተሰጥቶሃል ወይስ አልተሰጠህም፣ በቃ። እሱ ግን እንደ መሐንዲስ መጣ። ከውድድር በፊት ከ15 እስከ 20 ቀን ከከተማ ወጥቶ ገጠር ይቀመጣል፤ ይራመዳል፣ አየር ይወስዳል፣ የተቃዋሚዎቹን ጨዋታ አንድ በአንድ ይመረምራል፣ አከፋፈቱን ያዘጋጃል። ውድድሩ አምስት ቀን ሲቀረው ቼዝ የሚባል አይነካም፤ ጭንቅላት መራብ አለበት ብሎ ያምናል። የሲጋራ ጭስ አይወድም ነበር። ያኔ ውድድር አዳራሽ ውስጥ ማጨስ የተለመደ ነው። ምን አደረገ? ጓደኛውን ራጎዚንን ቤቱ ጠርቶ በልምምድ ጨዋታ ላይ ጭሱን ፊቱ ላይ እንዲያቦንንበት፣ ሬዲዮውንም ጮክ አድርጎ እንዲከፍት አደረገው። እስኪለምደው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ስለ ስህተት የነበረው አቋም ነው። የተጫወትከውን ጨዋታ ራስህ ተንትነህ አሳትም ይል ነበር። ለምን? ለራስህ ብቻ ስትተነትን ራስህን ታታልላለህ፤ ሲታተም ግን ሰው ሁሉ አንብቦ ስህተትህን ያወጣልሃል። እኛ ብሎግ የምንጽፍ ሰዎች አስተያየት መስጫው ላይ የሚደርስብንን እሱ ሆን ብሎ ይፈልገው ነበር።

በ1951 ግን ይሄ ሁሉ ዘዴ ሊከዳው ነበር። ከ1948 በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ውድድር አልተጫወተም፤ ዶክትሬቱን ይሠራ ነበር። ተፎካካሪው ዴቪድ ብሮንስታይን 27 ዓመቱ፣ በሐሳብ የተሞላ። 24 ጨዋታ ነው የሚጫወቱት፤ ሁለት ሲቀር ብሮንስታይን በአንድ ነጥብ ይመራል። ቦትቪኒክ 23ኛውን አሸነፈ፣ 24ኛው አቻ። 12 ለ 12፣ ዘውዱ ባለበት ቀረ። በ1954 ከቫሲሊ ስሚስሎቭ ጋርም ያው፣ 12 ለ 12።

በ1957 ስሚስሎቭ 12.5 ለ 9.5 አሸነፈው። ብዙ ሰው ዘመኑ አለቀ አለ። ቦትቪኒክ የመልስ መብቱን ተጠቀመ። በ1958 ሲመጣ ለስሚስሎቭ ያልጠበቀውን ካሮ-ካን የሚባለውን የጥቁር አከፋፈት ይዞ መጣና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተከታትሎ አሸነፈ። ልዩነቱን ጠብቆ 12.5 ለ 10.5 ጨረሰ።

ቀጥሎ ሚኻይል ታል መጣ። የሪጋው ልጅ ሰሌዳውን የሚያቃጥል፣ ጠጠሩን እየሠዋ የሚያጠቃ፣ ተቃዋሚው ማስላት እስኪያቅተው ነገር የሚያወሳስብ ተጫዋች ነው። በ1960 ቦትቪኒክን 12.5 ለ 8.5 ጠራረገው። 23 ዓመቱ ነበር፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንደሱ ወጣት የዓለም ሻምፒዮን አልታየም። ተሸናፊው 50 ሊሞላው ነው። አሁንስ ያርፋል ተባለ። እሱ ግን የታልን ጨዋታዎች ዘርግቶ ቁጭ አለ። ያገኘውም ቀላል ነገር ነው፤ ታል ክፍት ሜዳ ካገኘ አይቻልም፣ ሜዳው ከተዘጋና ንግሥቶቹ ከወጡ ግን ተራ ሰው ባይሆንም ሰው ነው። ስለዚህ ጨዋታውን ሁሉ ወደ ዝግ አቋምና ወደ ረጅም ማጠናቀቂያ መጎተት። በ1961 የፀደይ ወራት 13 ለ 8 አሸነፈ። የ24 ዓመቱን ልጅ!

ጥላም አለበት። ታል ኩላሊቱን ታሞ ነበር። ሪጋ ያሉ ሐኪሞች ግጥሚያው ይዘግይ ብለው መከሩ። ቦትቪኒክ የሞስኮ ሐኪሞች ካላረጋገጡ በስተቀር አላዘገይም አለ፤ ታልም ይሁን ብሎ ተጫወተ። ሕጋዊ ነው። ደግነት ግን አይባልም። ሕጎቹ ሲወጡ ሐሳብ ካቀረቡት አንዱ ራሱ ቦትቪኒክ መሆኑንም አትርሱ። በገበያ ቋንቋ ብናወራው፣ ገበያውን የያዘው ነጋዴ የገበያውን ደንብ ሲያረቅ ማለት ነው። የመልስ ግጥሚያው ደንብ ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ። በ1963 ትግራን ፔትሮስያን 12.5 ለ 9.5 ሲያሸንፈው የሚጠቀምበት መብት አልነበረውም። ለዘውዱ ዳግመኛ በማጣሪያ መወዳደር ይችል ነበር፤ አልፈለገም። በ1970 ውድድር ሙሉ ለሙሉ ተወ።

እኔን ብትጠይቁኝ ሕጉ ያደረገለት በሩን መክፈት ነው። ስሚስሎቭም ታልም የመልስ ግጥሚያው እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ እነሱም አንድ ዓመት ነበራቸው። ዓመቱን የሽንፈቱን ምክንያት በማጥናት ያሳለፈው እሱ ነው። ግን በሩ ባይከፈትስ? የ1958ቱና የ1961ዱ ድሎች ባልኖሩ ነበር፤ ከሁሉ የሚደነቅባቸው ሥራዎቹም እነሱ ናቸው። ሁለቱን መነጠል የሚቻል አይመስለኝም።

ዘውዱን ባጣበት በዚያው በ1963 ትምህርት ቤት ከፈተ። ሕንፃና ደወል ያለው ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ። ተስፋ ያላቸው ልጆች ከየሪፐብሊኩ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ጨዋታዎቹን ይዞ ይመጣል፣ በሁሉም ፊት ያብራራል፣ ይተቻል፣ የቤት ሥራ ይዞ ይመለሳል። የሰሌዳ ላይ ዘዴ ከማሳየት ይልቅ ራስን መመርመር ነበር የሚያስተምረው። ከመጀመሪያዎቹ ልጆች አንዱ ከዝላቶኡስት የመጣ የ12 ዓመት ቀጭን ልጅ ነበር፤ አናቶሊ ካርፖቭ። ቦትቪኒክ ይሄ ልጅ ቼዝ አይገባውም፣ በዚህ ሙያ ተስፋ የለውም ብሎ ነበር ይባላል። ካርፖቭ በ1975 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። መምህር ሲሳሳት እንዲህ ነው!

በ1973 ከባኩ የ10 ዓመት ልጅ መጣ። አባቱ በሰባት ዓመቱ ሞቶበታል። ስሙ ጋሪ ካስፓሮቭ። በዚህኛው ላይ አልተሳሳተም። የቤት ሥራ ይልክለታል፣ ድጋፍ እንዲያገኝ ይሟገትለታል፣ ሲቸኩል ይገስጸዋል። የልጁ ጭንቅላት በፍጥነት ስለሚያሰላ፣ ስሌቱን አንተ ምራው እንጂ ስሌቱ አንተን ከመራህ አሌኺን አትሆንም ይለው እንደነበር ካስፓሮቭ ራሱ አውስቷል። ሁለቱም ያለ አባት ያደጉ መሆናቸው ቅርበታቸው ላይ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

አንዲት ነገር ልጨምር። በ1962 ቡልጋሪያ ቫርና ላይ ቦትቪኒክ ከ19 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር ጋር ተጫወተ፤ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ። ፊሸር የቦትቪኒክን የቤት ዝግጅት እዚያው ሰሌዳው ላይ አፈረሰበት። ጨዋታው ለማግስቱ ሲያድር ቦትቪኒክ በአንድ ወታደር ጎድሎ ነበር። ሌሊቱን ረዳቶቹ ሲመረምሩ ዬፊም ጌለር ማምለጫ አገኘ፤ አቻ ወጡ። ፊሸር በኋላ ማሸነፍ እችል ነበር ብሎ ትንተናውን በመጽሐፉ አሳተመ። ቦትቪኒክ ታዲያ አቋሙን ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ አድርጎ ሰጣቸው። ለፊሸር ትንተና መልስ ያገኘው የ13 ዓመቱ ካስፓሮቭ ነው። የመምህሩን አሮጌ አቻ ተማሪው ሲያድንለት!

በ1980ዎቹ ትምህርት ቤቱ የቦትቪኒክና የካስፓሮቭ ተባለ። በ1987 ከጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ ከቱዋፕሴ፣ ቭላዲሚር ክራምኒክ የሚባል ልጅ ገባበት።

ሰውየው የፓርቲ አባል፣ ከልቡ ኮሚኒስት ነበር። ሆኖም በ1976 ቪክቶር ኮርችኖይ ሆላንድ ውስጥ ጥገኝነት ጠይቆ ሲቀር፣ ታላላቆቹ ተጫዋቾች እሱን የሚያወግዝ ደብዳቤ እንዲፈርሙ ሲደረግ ቦትቪኒክ አልፈረመም። ብሮንስታይን፣ ስፓስኪና ጉልኮም አልፈረሙም። የቦትቪኒክ ምክንያት አጭር ነው፤ የጋራ ደብዳቤ ላይ አይፈርምም። ከጀግንነት ይልቅ ግትርነት ይመስላል፤ ግን ለካ ግትርነትም ቦታ አለው።

በመጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት ሐሳቡን የወሰደው ኮምፒውተር ነው። ፓዮኒር የሚባል የቼዝ ፕሮግራም ለመሥራት ለዓመታት ደከመ። ሌሎቹ ኮምፒውተሩ የሚቻለውን እንቅስቃሴ ሁሉ እንዲቆጥር ሲያደርጉ፣ እሱ እንደ ሰው የማይረባውን ትቶ የሚረባውን ብቻ እንዲያስብ ፈለገ። ፓዮኒር አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም። ዘዴው የጠቀመው ሌላ ቦታ ነው፤ የኃይል ማመንጫዎች ጥገና መቼ መቼ ይሁን የሚለውን ለማቀድ ተሠራበት። ከዚያም ሐሳቡ ሰፋ፤ በተመሳሳይ ዘዴ ኢኮኖሚን የሚመራ ፕሮግራም ማዘጋጀት ጀመረ።

እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም። ፍሪድሪክ ሃይክ በ1945 የጻፈው ሙግት አለ። ለኢኮኖሚ የሚያስፈልገው እውቀት በሚሊዮን ሰዎች እጅ ተበትኖ ያለ ነውና አንድ ማዕከል ሰብስቦ ሊያሰላው አይችልም የሚል ነው። እኛም አገር በደርግ ጊዜ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ወጥቶ ነበርና ነገሩ ሩቅ አይደለም። በቼዝ ሰሌዳ ላይ 32 ጠጠር ነው ያለው፣ ሁሉም ይታያል፤ የሚደበቅ ነገር የለም። የመርካቶ ነጋዴ ግን ነገ ዋጋ ይጨምራል ብሎ ዕቃውን መጋዘን ይከታል። ቦትቪኒክ ይሄን ልዩነት የናቀው ይመስለኛል። ስህተቱን ሁሉ አስልቶ ያረመ ሰው ሁሉም ነገር ይሰላል ብሎ ቢያምን ግን አልፈርድበትም።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈረሰች። እሱ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ሌላውም ደክሞ፣ ቢሮው ይመላለስ ነበር። ሜይ 5 ቀን 1995 ሞስኮ ውስጥ በጣፊያ ካንሰር ሞተ፤ 83 ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሁሉንም እንቅስቃሴ የሚቆጥረው ዓይነት ኮምፒውተር፣ ዲፕ ብሉ፣ ካስፓሮቭን አሸነፈ።

በ2000 ደግሞ ለንደን ላይ ለዓለም ዘውድ የተቀመጡት ሁለቱም የሱ ተማሪዎች ነበሩ፤ ካስፓሮቭና ክራምኒክ። ክራምኒክ የበርሊን መከላከያ የተባለ፣ ብዙ ሰው የተወውን አከፋፈት አጥንቶ መጣና ንግሥቶቹን ቶሎ አስወጣ። ካስፓሮቭ ግንቡን ማፍረስ አቃተው፤ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ 8.5 ለ 6.5 ተሸነፈ። በውሉ ላይ የመልስ ግጥሚያ አልነበረም። ካስፓሮቭ ለዓመታት ደጋግሞ ጠየቀ፣ አላገኘም፤ በ2005 ውድድር ተወ።